የኤርካሎ ፎርፌ

ቦዲቲ ውስጥ ባለሱቁ ኤርካሎ የሚታወቀው በፎርፌ ነው። የቀበሌውን ኳስ ቡድን ይመራ በነበረ ጊዜ ተጋጣሚዎቹ የቢጠና ልጆች መኪና ተበላሽቶባቸው ዘገዩ። እሱ ሜዳው መሐል ቆሞ ለዳኛው የእጅ ሰዓቱን እያሳየ አስፈረደ። ኳስ ሳይነካ የተገኘው ዋንጫ ዛሬም ሱቁ ውስጥ ከሳሙናው አጠገብ ተቀምጧል።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ባዳቾ አንድ ቀን ስለ ቃሉ አስረዳው። ከፈረንጆች ፍርድ ቤት ወደ ሜዳ የወረደ ነው፤ ጥንት ትርጉሙ ጥፋት ነበር፤ ያጠፋ ሰው ንብረቱን ያጣበት ነበር አለው። ኤርካሎ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ፍርድ ቤት» የሚለውን ብቻ ነው። ከጎረቤቱ ከሶርሳ ጋር ድንበር ላይ ባለ አንድ መስመር እንሰት ይካሰስ ነበርና ፎርፌ እዚያም ይሠራል ብሎ ደስ አለው።

ሶዶ ፍርድ ቤት በተቀጠሩበት ዕለት ማለዳ የሶርሳ እናት ዐረፉ። መንደሩ ሥራውን ጥሎ ወደ ለቅሶው ወጣ። የኤርካሎ ሚስት ወይዘሮ ፈጠነች ደጃፍ ላይ ብትጠብቀው ኮቱን ለብሶ ብቅ አለ።

«ቀብር እኮ ነው» አለችው።

«ለቀብሩ አንቺ አለሽ። እኔ እሱ ወደማይመጣበት ልሂድ።»

ችሎቱ በር ላይ ሲደርስ ዳኛው ስብሰባ ተጠርተዋል ተባለ። ያ ዘመን የስብሰባ ዘመን ነበር። እኔ መጥቻለሁ፣ ተከሳሹ ቀርቷል፣ ይጻፍልኝ ብሎ ጸሐፊዋን ለመናት። ዳኛም ቀርተዋል ብላ ሌላ ቀጠሮ ሰጠችው።

ሲመለስ ቀብሩ አብቅቶ ሰው ከድንኳን ተቀምጧል። ገብቶ አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ አጠገባቸው አስቀመጡትና ቀስ ብለው ነገሩት። ሶርሳ ሬሳው ፊት ቆሞ፣ ኤርካሎ መጥቶ እናቴን አፈር ያልብስልኝ እንጂ እንሰቱን ትቼለታለሁ ብሎ ነበር። የተጣላ በለቅሶ ይታረቃልና ሽማግሌዎቹ ቀብሩን አዘግይተው፣ አካፋም አስቀርተው ጠበቁት።

«ስትቀር የእንሰቱን መስመር ለሶርሳ አልን። ምስክሮችህም እዚሁ ነበሩ፤ ተስማምተዋል።»

«ሰው በሌለበት ይፈረድበታል እንዴ?» አለ ኤርካሎ።

መምህር ባዳቾ አቀረቀረ። የእድሩ ዳኛ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

ለቅሶ ቤት ነውና ማንም አልሳቀም።