በወረቀት የተሸፈነችው ሸክላ

የሶል ሙዚቃ ዲጄዎች ያጫወቱትን ዝርዝር ለምን እርስ በርስ እንደሚካፈሉ ብትጠይቁን፣ አራታችንም እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን «ለእውቀት ነው፣ ለሙዚቃው ፍቅር ነው» እንላችኋለን። አትመኑን። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አካፍያለሁ፤ አንድም ቀን ለእውቀት ብዬ አላካፈልኩም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እሁድ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በጡረተኞች ማኅበር ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛዎቹን አጥፈን ግድግዳ እናስደግፍና ሸክላ እናጫውታለን። ሰው ይጨፍራል፤ ማለቴ፣ ዲጄ ያልሆነው ሰው ይጨፍራል። ሰኞ ጠዋት እያንዳንዳችን ያጫወትነውን በቅደም ተከተል ጽፈን ስልክ ላይ ባለው ግሩፓችን እንለቃለን። ርዕሱ ሁልጊዜ «ትሑት ዝርዝሬ» ነው። ከትሕትናው በታች ግን ማንም ያልሰማው ዘፋኝ፣ ማንም የሌለው ሸክላ፣ የታተመበት ዓመት ሳይቀር ይደረደራል። ሌሎቻችን «ወይ ጉድ! ይቺን ደግሞ ከየት አገኘሃት?» ብለን እንጽፋለን፤ በሆዳችን ግን ቅናት ነው የሚፈላው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሁድ እሁድ አብራኝ ትመጣለች፣ ትጨፍራለች፣ ላቧን ጠርጋ ትመለሳለች። አንድ ሰኞ ዝርዝሬን ለሦስተኛ ጊዜ ሳሰማምር አይታ «ትናንት አራተኛዋን ስታጫውት እኮ ሰው ሁሉ ተቀመጠ» አለችኝ። ቢቀመጥስ ምን ገዶኝ! አራተኛዋ ዝርዝሩ ላይ ስትታይ ታምራለች።

ዝርዝር የማያካፍሉት ጋሽ ልጥፍ ብቻ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዕድሜያቸውን አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔን፣ ነርሷን፣ የመኪና መንዳት አስተማሪውንና የጂኦግራፊ መምህሩን፣ አራታችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ የማጫወቻው መርፌ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሰው ሲደክመው የትኛው ዘፈን እንደሚገባ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ከልማዳቸው ነው። ሸክላ መሃል ላይ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም የሚጻፍበት ክብ ወረቀት አለ አይደል? ጋሽ ልጥፍ በእሱ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፉና ራሳቸው የፈጠሩትን የውሸት ስም ይጽፉበታል። ሌላ ዲጄ እውነተኛውን ስም አይቶ ሄዶ እንዳይገዛ ነው። ከወረቀቱ ዙሪያ ፋብሪካው የሚቀርጸውን ቁጥር እንኳ በሚስማር ፍቀው ያጠፉታል። እኛ ሰኞ ሰኞ ሁለት ገጽ ስንጽፍ፣ እሳቸው «ሃያ ሁለት ሸክላ አጫወትኩ። ሰላም ዋሉ» ብለው ይልካሉ።

ከሸክላዎቻቸው ሁሉ ስመ ጥሯ፣ ወረቀቷ ላይ «የማክሰኞ ዝናብ» ተብሎ የተጻፈባት ናት። ስሟ ውሸት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን በዚሁ ስም ይጠራታል። እሷ ስትገባ የተቀመጠ ይነሳል፣ ወሬ የጀመረ ወሬውን ያቋርጣል። ባለቤቴ ከዘፈን ሁሉ አብልጣ የምትወደው እሷን ነው፤ ልብስ ስትሰፋ ታንጎራጉራታለች፣ ግማሹን እየሳተች። የጋሽ ልጥፍ ሚስት እትዬ ደግሞ ለሌላ ዘፈን ከወንበራቸው ተነስተው አያውቁም። ኪሮሻቸውን ሲሠሩ ይቆዩና የዚያች ከበሮ ሲመታ ክራቸውን ቦርሳ ውስጥ ጨምረው ወደ መሃል ይወጣሉ። ከአርባ ዓመት በፊት ሱቅ ገብተው ሸክላዋን የመረጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ልጥፍም መርፌውን አስቀምጠው ይወርዱና አብረዋቸው ይጨፍራሉ። እትዬ ከስምንት ወር በፊት አረፉ።

እንግዲህ አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሽ ልጥፍ ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር፣ የዚያችን ወረቀት ጠርዝ በጥፍሬ ገለጥ አድርጌ አይ ነበር። ሙያዬ መነጽር መሥራት ነው፤ ጣቴም ዓይኔም ለጥቃቅን ነገር የሠለጠነ ነው። በመጀመሪያው እሁድ የዘፋኞቹን ስም ግማሽ አነበብኩ፤ በሁለተኛው የቀረውን፤ በሦስተኛው የዘፈኑን ስም። ከአራት ወር በኋላ ሸክላዋ በፖስታ መጥታ እጄ ገባች።

ከዚያስ? ከዚያማ ምን ላድርጋት! ላጫውታት አልችል፣ ዝርዝሬ ላይ ልጽፋት አልችል። የእኛ ሕግ የተሸፈነ ሸክላ የገለጠ ይባረር ይላል። አንድ ፋርማሲስት ሲገልጥ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ተባርሯል፤ ያን ቀን «ነውር ነው!» ብዬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ለባለቤቴ ብነግራት ደግሞ ለነርሷ ትነግራታለች፤ ነርሷ ከእኛ ዲጄዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ሸክላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ አውርጄ፣ በር ዘግቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ እሰማታለሁ። ለጭፈራ የተሠራችን ዘፈን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሰማኋት።

ባለፈው ረቡዕ ጋሽ ልጥፍ ሱቄ መጡ። የደንበኛ ዓይን እየለካሁ ስለነበር ጥግ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሰውየው ሲወጣ ከከረጢታቸው አንድ ሸክላ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ጠርዟ እንደ አሮጌ ባርኔጣ ተጥመልምሏል።

«መኪና ውስጥ ረሳኋት» አሉ። «የፊት ወንበር ላይ። ድሮ ጭኗ ላይ አድርጋ የምትይዛት ባለቤቴ ነበረች። እንደ ልማዴ እዚያው አስቀመጥኳትና ወረድኩ። ፀሐዩን አላሰብኩትም።»

«የማክሰኞ ዝናብ ናት?»

«እሷው ናት። ሌላ ቅጂ ልፈልግ ብዬ ወረቀቷን ላነሳ ሞከርኩ። ይኸው እየው።»

አየሁት። ሙጫው የፋብሪካውንም ወረቀት አብሮ ልጦ ወስዶታል። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈውት ስለነበር የተላጠው ሁሉ እንደ ሊጥ ሟሙቷል። መሃሏ ላይ የቀረው ባዶ ጥቁር ክብ ብቻ ነው።

«የወረቀቷ ጠርዝ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ ይነሳብኝ ነበር» አሉ። «እርጥበቱ ይሆናል ብዬ በየወሩ ሙጫ እጨምርባታለሁ። ያ ሁሉ ሙጫ እኮ ነው የበላት።»

ጣቶቼን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁና ኪሴ ከተትኳቸው። «ስሟንስ? እውነተኛ ስሟን አያስታውሱም?»

«አርባ ዓመት የማክሰኞ ዝናብ ስል ኖሬ እውነተኛው ከየት ይምጣ? የውሸቱ ብቻ ነው የቀረኝ። ዘፈን ሲሰማ ስሙን የሚናገር ስልክ አለ ሲሉኝ፣ ለስልኩም ዘፈንኩለት። ስድስት ጊዜ! ‹እባክዎ ጸጥ ወዳለ ቦታ ይሂዱ› አለኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተመልሶ ገባ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳትናገር። የባለቤቴ ፎቶ ስላለኝ መልኳ አልጠፋኝም። ስትጨፍር እንዴት እንደነበረች ግን እየጠፋብኝ ነው። ትከሻዋን ነው የምታስቀድመው ወይስ እግሯን? ዘፈኗን ብሰማ ይመጣልኛል፤ ያለ ዘፈኗ እምቢ አለኝ። እስቲ በዚያ ማጉያህ እይልኝ፣ ምናልባት አንድ ፊደል ተርፋ እንደሆነ።»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ባዶውን ክብ አየሁ። ስሟን ከነሙሉ ፊደሉ እዚያው ልጽፍላቸው እችል ነበር።

«ምንም የለም ጋሼ» አልኳቸው።

አመሰገኑኝ። የተጣመመችውን ሸክላ ታቅፈው ወጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ሐሙስና ዓርብ ሰበብ ስደረድር ዋልኩ። ተደብቄ ደጃፋቸው ባስቀምጥላቸውስ? ማን አመጣት ብለው አገር ምድሩን ይጠይቃሉ። በአጋጣሚ አገኘኋት ብላቸውስ? ስሟን ሳታውቅ እንዴት አገኘሃት ይሉኛል። እውነቱን ብናገር እባረራለሁ። እሁዴን አጣለሁ፤ ከእሁዴ ይልቅ ግን የፈራሁት የእሳቸውን ፊት ማጣት ነው። ስልክ አንስቼ ደወልኩላቸው፤ አንዴ እንደጠራ ዘጋሁት። ቅዳሜ ጠዋት ቆረጥኩ። ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ፣ ፈሪ ዲጄ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ዝርዝር ጻፍኩ።

«ትሑት ዝርዝሬ» አላልኩትም። «ነገ የማጫውተው» ብዬ አንዲት ዘፈን ብቻ አሰፈርኩ፦ «‹እግሬ ያውቃል›፤ ዘፋኞቹ ‹ሦስቱ የአክስት ልጆች›። የማክሰኞ ዝናብ የምንላት ናት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ወረቀቷን ገልጬ ያየሁ እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ የመኪና መንዳት አስተማሪው ጻፈ፦ «እኔም አለችኝ።» ነርሷ ተከተለች፦ «እኔም። ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው ያየኋት።» የጂኦግራፊ መምህሩ አጭር መጻፍ አይችልበትም። «የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከጥናትና ምርምር አኳያ» ብሎ ጀምሮ፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ሁለት እንዳለው አመነ። ሁለት! አንዷን ለራሱ፣ ሌላዋን እኛ እንዳናገኛት።

እንግዲህ ሁላችንም አንዱ ካንዱ ደብቀን አንድ ዘፈን ስንሰማ ኖረናል። ጋሽ ልጥፍ መልስ አልሰጡም። መልእክቶቹን ማንበባቸውን ግን ስልኩ ያሳያል።

እሁድ አራታችንም ከሰዓቱ ቀድመን ደረስን። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ሸክላዎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ባለቤቴ ግሩፑ ውስጥ ስለሌለች የሆነውን አታውቅም፤ ጫማዋን እየቀየረች «ምን ሆናችኋል ዛሬ? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ» አለችን።

ጋሽ ልጥፍ ልክ በስምንት ሰዓት ገቡ። ወደ ጠረጴዛው ቀርበው እያንዳንዷን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«አምስት» አሉ። «እኔ እኮ አንድ ብቻ ናት ብዬ ነበር።»

የጂኦግራፊ መምህሩ ሁለተኛዋን ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ገፋት።

«ሌቦች!» ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ሽንት ያዘኝ ብዬ በሄድኩ! አራታችሁም!»

«ጋሼ…» አለች ነርሷ።

«ዝም በይ! እርጥበት ነው ብዬ ሙጫ ስጨምር፣ ስጨምር…» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ አርባ ዓመት ከማን ነው የደበቅኳት? ስሟን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማላውቀው እኔ ብቻ!»

መባረሬን እየጠበቅኩ ቆምኩ። እሳቸው ግን ረጅም ትንፋሽ አወጡና «አሁን ማንን አባርሬ ማን ሊቀርልኝ ነው?» አሉ። «ይልቅ ያን ፋርማሲስት ጥሩት። ምስኪን፣ እሱ እንኳ ያየው አንዴ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል አስቀምጣት።»

መርፌውን አስቀመጥኩ። ከበሮው ገባ። ጋሽ ልጥፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሰሙ፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ብድግ አሉ።

«ትከሻዋን!» አሉ። «ትከሻዋን ነበር የምታስቀድመው!»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። እኔም አለቀስኩ። የመኪና መንዳት አስተማሪው አቧራ ገባብኝ ብሎ መስኮት ከፈተ።

ባለቤቴ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ወረቀት ያልተለጠፈባትን ሸክላ ማጫወቻው ላይ፣ የካርቶን መያዣዋን እጄ ላይ ታያለች። «ይቺ የሳቸው አይደለችም» አለችኝ። «ከየት አመጣሃት?»

«ከቤት።»

«ከማን ቤት?»

«ከእኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳት። ወደ መሃል ወጥታ ከጋሽ ልጥፍ ጋር ጨፈረች። አምስቱንም ሸክላዎች በየተራ አጫወትን፤ አምስቱንም ጊዜ ከእሳቸው ጋር ጨፈረች። ወደ እኔ አንዴም አልዞረችም።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት ስልኬን ሳነሳ ከእጄ ወስዳ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠችልኝ።

«ዝርዝር መጻፍ ትወድ የለም?» አለች። «ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ። በቅደም ተከተል።»

ከማክሰኞ ዝናብ ሌላ የደበቅኳቸውንም ጨምሬ አሥራ አንድ ሸክላ ጻፍኩ፤ ከነዘፋኙ፣ ከነዓመቱ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ ቀስ ብላ አነበበችው። ጣቷ የማክሰኞ ዝናብን አልፎ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺን ለልደቴ እንድትፈልግልኝ ለምኜህ ነበር» አለች። «የለችም፣ ጠፍታለች ብለኸኝ አልቅሼ ነበር።»

አስታወስኩ። ያን ቀን እንባዋን የጠረግኩላት እኔ ነበርኩ።