ከአምስት ጎን የቆመችው ፪

ወሰንየለሽ መጽሐፏ ታትሞ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ሲደርስ ደስታዋን አጣጥማ አልጨረሰችም። መሀል ላይ አንዱን ገጽ ገልጣ ስታይ ደሟ ፈላ።

መጽሐፉ በቴክኒክ ኮሌጁ ኮምፒውተር ለምታስተምራቸው ልጆች ያዘጋጀችው የኮድ መለማመጃ ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። በዚያ ገጽ ያለችው አጭር ፕሮግራም የበግ ክብደት ተቀብላ የሚጠጣውን የትል መድኃኒት በሚሊ ሊትር ታወጣለች፤ ሥራዋ ክብደቱን ለ5 ማካፈል ብቻ ነው። ማብራሪያ በሚያሻው መስመር መጨረሻ በቀይ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለች ምልክት አድርጋ፣ ፍቺውን ከኮዱ ግርጌ በየተራው አስቀምጣለች። የግዕዝ ቁጥር የመረጠችው ለጌጥ አይደለም። የኮዱ ቁጥርና የምልክቱ ቁጥር በዓይን እንዲለዩ ነው። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ከቃሉ በላይ የተጻፈ የዜማ ምልክት አብሮ እንደማይነበብ ለመንዝ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተማሪዎቿ ገና ረቂቁን ሲያዩ ገብቷቸዋል።

ከተማ ለተቀመጡት የመጽሐፉ አራሚ ግን አልገባቸውም። ፪ን 2 አደረጓት። ቀዩን አጠቆሩት። ክፍተቱንም ቦታ ይፈጃል ብለው ዘጉት። እናም «ክብደት / 5» የነበረው «ክብደት / 52» ሆኖ አረፈው።

ወዲያው ጽፋ አመለከተች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። መጽሐፉ ለሌሎች ወረዳዎችም ታድሎ ነበርና የሙያ ብቃት ምዘናው ፈተና ሲመጣ ጥያቄው ከዚያችው ገጽ ወጣ። የእሷ ልጆች እንደተማሩት በ5 አካፈሉ። የመልሱ ቁልፍ ከታተመው መጽሐፍ የተገለበጠ ነበርና ሁሉም ወደቁ፤ በ52 ያካፈሉት የሌላ ወረዳ ልጆች አለፉ። ሠላሳ ኪሎ በግ አንድ ሚሊ እንኳ በማይሞላ መድኃኒት ከትሉ ይገላገላል ብሎ የሚያርም ሰው ደመወዝ ይበላል ማለት ነው። ጎበዟ ተማሪዋ ጥሩሸዋ መሐል ሜዳ ከተማ ሥራ አግኝታ የምዘናውን ወረቀት ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ወሩ ሳያልቅ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የመልሱን ቁልፍ ያወጡትም እኚሁ አራሚ ነበሩና ወሰንየለሽ ደወለችላቸው።

«ጋሽ አትናቴዎስ፣ ምልክቱን ለምን ነኩት?»

«እህቴ፣ የግዕዝ ቁጥር ለቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄ ቴክኖሎጂ ነው። ዘመናዊ ይሁንልሽ ብዬ ነው።»

«ዘመናዊ ሆኖ ልጆቼን ጣለልኝ እኮ።»

«እሱማ ይስተካከላል። አዘጋጇ ስህተቱ ከረቂቄ ነው ብላ ከፈረመች ነገ ተነገ ወዲያ እንደገና ይታረማል። አልፈርምም ካልሽ ግን ኮሚቴ ይቋቋማል።»

«ኮሚቴው መቼ ይጨርሳል?»

«እሱን እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ተንጨረጨረች። ረቂቁ እጇ ላይ ነው፤ ፪ ቁልጭ ብላ በቀይ ትታያለች። ለማን ታሳየው? ያበላሸውም እሱ፣ ዳኛውም እሱ። በነጋታው የጥሩሸዋን ፊት ስታይ ግን ቁርጧን አወቀች። የላኩላትን ወረቀት ሳታነብ ፈረመች፤ ስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ፈተናው ታረመ፣ ልጆቹ አለፉ፣ ጥሩሸዋም ሥራ ገባች።

በሳምንቱ ገበያ መሀል የጥሩሸዋ አባት አቶ ወዳጆ አገኟት። ገብስ የጫኑበትን አህያ አቁመው፣ ሰው እየሰማ፣ ትከሻዋን ያዙ።

«ልጄ፣ ስለዚያ ስህተትሽ ሰምተናል። ሰው ነሽ፣ ምን ይደረጋል። እኛ ወላጆች ተነጋግረን ይቅር ብለንሻል።»

«አባባ፣ እኔ አልተሳሳትኩም። ያበላሹት እነሱ ናቸው።»

ሽማግሌው እያዘኑላት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይ ልጄ፣ በእጅሽ ፈርመሽ የለ እንዴ። አሁን ያልሽውንም ይቅር ብለንሻል።»