አለ አለ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ አራት ነጥብ ነው። ያወጣልኝ አዘጋጁ ነው፤ ወሬ ሲረዝም በአንድ ቃል ስለምዘጋው ነው ይላል። እኔም አልተኛሁለትም፣ ነጠላ ሰረዝ አልኩት። ቀጭን ነው፣ ደግሞ የጀመረውን ነገር ጨርሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ «እንዲሁም» ብሎ ሌላ ያስከትላል። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ሲያንጠለጥል እኔ ስዘጋ አብረን ሠርተናል።

ሥራዬ እርማት ነው። የሰው ስህተት ስለቅም ስለምውል ጠባይሽ መራራ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ጋዜጣችን ሐሙስ ሐሙስ ትወጣለች። ጋዜጣ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋውና ማተሚያ ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ ሁለት ቅጠል ወረቀት ናት፣ በፎቶ ኮፒ ማሽን የምትባዛ። ማሽኑንና ወረቀቱን የሚሰጠን እንደኛ ያሉ ትንንሽ ጋዜጦችን የሚደግፍ አንድ የውጭ ድርጅት ነው፤ ለምን ይህን ጻፋችሁ አይለንም፣ ከተሳሳታችሁ ግን አርሙ ይላል። ለባለሥልጣንም፣ ለባለጠመንጃም፣ ለነጋዴም ስለማናጎበድድ ሦስቱም ዓይናችሁን ላፈር ይሉናል። ሰው ግን ይወደናል። የቱ ቧንቧ ውሃ እንዳለው፣ የቱ ወፍጮ እንደሚሠራ፣ የቱ መንገድ እንደሚያሳልፍ እኛን አንብቦ ነው እግሩን የሚያነሳው። ይህቺን ያዙልኝ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው። ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን ጠዋትና ማታ በገዛ እጇ ትወጋለች እንጂ መርፌዋን ለሰው አትሰጥም። አንዴ ልርዳሽ ብላት፣ አንቺማ አራት ነጥብ ታደርጊብኛለሽ ብላ አባረረችኝ። ስቀን ነበር።

ይህ ነገር በሆነበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ላይ የቀራት የአምስት ቀን መድኃኒት ነው። ከተማውን አካልዬ ጨርሻለሁ፤ የለም። ያረጀውንም፣ የተደበቀውንም፣ በዘመድ የሚገኘውንም ጠይቄያለሁ፤ የለም። ቢሮ ገብቼ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ከወንዙ ማዶ፣ ሆስፒታሉ ካለበት ከተማ፣ የሚዘግብልን ባለሞተሩ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ካጣ ዓመት አልፎታል፣ ሰውየው በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ስሙ ግን አልወረደለትም። ስልክ ስለማይሠራ ዜናውን በእጁ ጽፎ በጭነት መኪና ሾፌር ይልክልናል። የዚያን ቀን የመጣችው ብጣሽ ወረቀት እንዲህ ትላለች፦

«የሆስፒታሉን መድኃኒት ክፍል ኃላፊ በር ላይ አገኘሁት። ኢንሱሊን አለ አለ። ወደ ውስጥ ግን አላስገባኝም።»

ልቤ ዘለለ። አለ የሚለው ቃል ሁለቴ ተደግሟል፤ አንዱን ሰረዝኩት። የተደጋገመ ቃል መሰረዝ እንጀራዬ ነው፤ «ነው ነው» ሲመጣ አንዱን እሰርዛለሁ፣ «እና እና» ሲመጣ አንዱን እሰርዛለሁ። ኮምፒውተር ላይ ለምትጽፈው ባልደረባችን ሰጠሁና ምሳ ሳልበላ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እትዬ ልብስ ስታጣጥፍ ደረስኩ። ማዶ ኢንሱሊን አለ አልኳት። ማን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ሐሙስ በጋዜጣው ይወጣል አልኳት።

«ጋዜጣው ካለ፣ አለ» አለችና ቀሚሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

አብሬሽ ልሂድ ብላት አሻፈረኝ አለች። ሁለት ኬላ አለ፣ አሮጊት ሲያዩ ያሳልፋሉ፣ አንቺን ግን ከየት ነሽ ወዴት ነሽ ሲሉ ያውሉሻል፣ ያንቺ ምላስ ደግሞ ሰው ያስገድላል አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋዜጣዋ እስክትወጣ ጠበቀች፤ ለሁለት አጥፋ በጉያዋ ይዛ ዓርብ ጠዋት ሄደች። ወንዙን በጀልባ ተሻግራ፣ ከዚያ መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግር።

እሁድ ከሰዓት ተመለሰች። ባዶዋን። እግሯ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ በሩን ትታ ግድግዳውን ስትዳብስ ነው ያገኘኋት። ዓይኔ ብዥ ብዥ ይላል አለች። አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ጎረቤታችን ጋ በረርኩ፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ለክፉ ቀን ያቆየቻት ግማሽ ብልቃጥ ነበረቻት። ያቺን ሰጠችን፤ እግዜር ይስጣት። እትዬን የመርፌውን መስመር አታዪም ብላም የእሁዱን እሷው ወጋቻት።

እትዬ ነፍስ ስትዘራ ነገሩን ነገረችኝ። ከእኛ ከተማ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ነው የሄደው። አሥራ አንዱም ጋዜጣችንን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ኃላፊው ብቅ ብሎ፣ አለ፣ ግን ዛሬ አይታደልም፣ ነገ ኑ አላቸው። በነጋታው በሩ ተቆለፈ። የጽዳት ሠራተኛዋ አዝናላቸው ነው እውነቱን የነገረቻቸው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ሁለት ወሩ ነው፣ ኃላፊው ስሙ እንዳይነሳበት ለመጣው ሁሉ አለ ይላል። ሰው ግን ቂም የያዘው በኃላፊው አይደለም። ኃላፊማ ሲዋሽ ለምደነዋል። ጋዜጣው ዋሸን ነው ያሉት።

«እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው እጁ ይቆረጥ» አለች እትዬ። ሰው ስትራገም ሰምቼያት አላውቅም።

እኔም በባለሞተሩ ተናድጄ አደርኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ የገባሁት እሱን የማስጠነቅቅበትን ደብዳቤ በሆዴ እያረቀቅኩ ነው። የዘጋቢዎችን የእጅ ጽሑፍ ለአንድ ወር ስለምናስቀምጥ ፋይሉን አወጣሁና ብጣሿን ወረቀት አገኘኋት። ክው አልኩ።

ፊደል ስንቆጥር የተማርነው ነገር ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር ነው። በጽሑፍ አይለዩም፣ በአፍ ብቻ ነው የሚለዩት። ባለሞተሩ የጻፈው፣ ሰውየው አለ ብሎኛል ነው። አንዱ የጠበቀ፣ አንዱ የላላ። እኔ የላላውን ሰርዤ የጠበቀውን ተውኩት። የሰውየው አፍ በእኔ ቀይ መስመር እውነት ሆነ። «ወደ ውስጥ ግን አላስገባኝም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እንኳ እዚያው ነበረች፣ እንደታተመች፤ ኢንሱሊን አለ ካሉት በኋላ ማን ያያታል?

ልማድ ነው ብል ያምኑኛል፤ ሠላሳ ዓመት የተደገመ ቃል የሰረዘች እጅ ናት። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሌላ ሰው እህት ብትሆን ኖሮ «አላስገባኝም» የምትለው ላይ ቆም ብዬ፣ ይሄ ሰው ታዲያ መድኃኒቱን አይቶታል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር። አልጠየቅኩም። እንዲኖር ስለፈለግኩ አለ ብዬ አነበብኩ።

ከሰዓት ሾፌሩ ሌላ ወረቀት አመጣ። ባለሞተሩን ገበያ ላይ ሰዎች ይዘው ሸሚዙን ቀድደውታል፤ ከኃላፊው ጋር ተሻርከህ በሽተኛ የምታንከራትት ብለውታል። ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ከታች አንድ መስመር ጨምሯል፤ እኔ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር ወይ? ይላል።

ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ ነጠላ ሰረዝ ጋ ገባሁ። አንድ በአንድ አነበባቸው። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ የማተሚያ ስህተት ነው ብለን በውስጥ ገጽ እናውጣው አለኝ። ምክንያቱንም ደረደረው። ጠላቶቻችን ይህቺኑ ነው የሚጠብቁት፣ እንዲሁም ድርጅቱ ደንግጦ ወረቀቱን ቢያቋርጥብን፣ እንዲሁም አንባቢው ጨርሶ ቢጠላን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት በጥርሱ ነክሶ ያቆያት ጋዜጣ ናት።

«ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀይ እስክሪብቶ የለውም» አልኩት። «የማን እጅ እንደሆነ ካልጻፍን የባለሞተሩ እጅ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም አርሙ ተብለን ነው ወረቀት የሚሰጠን።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብሎ ተረተብኝ። የእጅም አይታሽም አልኩት፤ ስለዚህ አናሸው፣ እንጻፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሁም ሳይል፣ ጻፊው አለኝ።

እርማቱን እኔው ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ በሳጥን ውስጥ፣ በወፍራም ፊደል። ባልደረባችን ጽፋ እንዳየው ስትሰጠኝ ደሜ ፈላ፤ ዘጋቢው የጻፈው «ኢንሱሊን አለ» ነው ይላል። ሁለተኛው አለ የለም። ምን አደረግሽው ብላት፣ ተደግሞ አገኘሁትና ሰረዝኩልሽ አለች፣ እንደ ውለታ። ነጠላ ሰረዝ ወንበሩ ላይ ተንፈራፍሮ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። መልሰን አስገባነው። እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ባለፈው ሐሙስ በማዶው ሆስፒታል ‹ኢንሱሊን አለ› ብለን የጻፍነው ስህተት ነው። ዘጋቢያችን የጻፈው ‹ኢንሱሊን አለ አለ› ብሎ ነበር። ኃላፊው በአፉ ያለውን እኛ በዓይናችን እንዳየነው አድርገን አወጣነው። ሁለተኛውን አለ የሰረዘችው የጋዜጣው አራሚ ናት። ዘጋቢው አልተሳሳተም። እሷን አምናችሁ መንገድ የወጣችሁትን ሁሉ ይቅርታ ትጠይቃለች። ኢንሱሊን የለም።»

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መድኃኒቱ ኋላ መጥቷል። ለካ መድኃኒት የሚያድሉ የእርዳታ መኪኖች ሆስፒታሉን አልፈውት ይሄዱ የነበረው ያው ኃላፊ ለእነሱም አለ ብሏቸው ነው። የእኛን «የለም» አንብበው በሁለተኛው ሳምንት ሳጥን አወረዱ። ባለሞተሩም ገብቶ አየ፤ «አለ፤ በእጄ ነክቼዋለሁ» ብሎ ጻፈልን። ወረቀቱም አልተቋረጠብን። ያን ሐሙስ ግን ይህ ሁሉ አይታወቅም። ያን ሐሙስ ያለን፣ ብልቃጧ ታች ላይ የቀረችው ጥቂት ብቻ ናት።

ጋዜጣዋን ይዤ ቤት ገባሁ። እትዬ መስኮቱ ሥር አልጋዋ ላይ ተደግፋለች። የሳምንቱን መርፌ ነርሷ ጠዋትና ማታ እየመጣች ስትወጋት ነው የሰነበተችው፤ ያን ቀን ግን እሷም አሟት ቀርታለች። ዓይኗ አሁንም ፊደል አይለይላትም። በይ አንብቢልኝ አለችኝ፤ ምን ጊዜም ቢሆን ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣዋን ሳታይ አትውልም፣ የዋሸቻትን ሳምንት እንኳ።

ስለ ወፍጮው አነበብኩላት። ስለ ድልድዩ አነበብኩላት። ቧንቧ የሚለቀቅባቸውን ሰፈሮች አንድ በአንድ አነበብኩላት። ስጨርስ ወረቀቷን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ከላይ ያለውን ዘለልሽው» አለች። «ፊደሉ አይታየኝም እንጂ ሳጥኑ ይታየኛል።»

አነበብኩላት። «አራሚ ናት» የሚለውንም ሳልዘል እስከ መጨረሻው አነበብኩት።   ያን እርግማኗን ነው የማስበው። እሷም እሱኑ ታስብ እንደነበር አልጠራጠርም።

«እጅሽን አምጪ» አለችኝ።

ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። ዳብሳ ያዘችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካቻቸው፣ ቀይ ቀለም የማይለቀውን የመሃል ጣቴን ሳይቀር። ከዚያ ከትራስዋ ሥር መርፌዋን አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«መስመሩ አይታየኝም፣ አንቺ ልኪው» አለች። «አሥራ ስድስት።»

ከብልቃጧ ሳብኩ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ ለካሁት። አሥራ ስድስት አልኳት።

«አየሽው?»

መልሼ አየሁት። ዝቅ አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ፣ ደግሜ አየሁት።

«አየሁት» አልኳት።

«እንግዲያው ውጊኝ» አለችና ልብሷን ገለጥ አደረገችልኝ። ወጋኋት።