ሁለት ቋጠሮ ቀረ

እና ደግሞ የሚበጠሰው እዚህ አይደለም፣ አውቀዋለሁ፣ ጂንካ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር፣ መካኒክ ባለበት፣ የሚገፋ ትከሻ ባለበት መች ይበጠሳል፣ ካስኬ ሲደርስ ነው፣ ወንዙ አሸዋ መሃል፣ አሮጊቷ ኢንዳ ከኋላ የተሰበረ እግራቸውን ዘርግተው ተኝተው፣ ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቁሮ፣ ያኔ ነው ቀጭ የሚለው። ሞተሩን አስነሳዋለሁ። አጠፋዋለሁ። ደግሞ አስነሳዋለሁ፣ ያው ነው፣ ከፊተኛው ሽፋን ውስጥ ካካካካ ይላል፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የጨመሩበት ይመስላል፣ ትናንትም እንዲህ ነበር ወይስ ዛሬ ባሰበት፣ ጆሮዬ ነው፣ አይ ጆሮዬ አይደለም፣ ሽታዬ እንኳን ከማጀት ሆና ሰምታዋለች፣ ሰውዬ፣ ያቺን መኪና ወይ ተዋት ወይ ገላግላት ትለኛለች፣ ሚስቴ ናት፣ የአሪ ልጅ፣ ነገር ሲያጥር ነው የምትወደው፣ እኔ ኤርሳዶ ግን ነገርን ካላገላበጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ከከምባታ ይዤው የመጣሁት ጠባይ ነው፣ ሌላ ይዤ የመጣሁት ነገርም አልነበረኝ።

ሰንሰለቱ ነው ኤርሴ፣ አለኝ ለማ፣ መካኒኩ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሽፋኑ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ሐኪም ነው የሚመስለው እንዲያ ሲያደርግ፣ የታይሚንግ ሰንሰለትህ ላልቷል፣ የታችኛውንና የላይኛውን ዘንግ እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው፣ አንድ ጥርስ ከዘለለ ቫልቩ ከፒስተኑ ይላተማል፣ ከዚያ በኋላ ሞተር የለህም፣ ብረት ነው ያለህ። ብረት። በብረት ቱርሚ፣ ሐመር አገር፣ አይደረስም። በአህያ ይደረስ ነበር፣ ግን የተሰበረ እግር በአህያ፣ ያን ሁሉ አገር፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ መሬት እንዳትረግጥ፣ እንዳትናወጥ፣ እሺ ዶክተር አልኩት፣ መንገዱን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሁለት ቋጠሮ ቀረ። ዛሬ ንጋት ላይ ጸልዬ ስጨርስ፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤታችን ነው የምንጸልየው፣ አሜን ብዬ ተነሳሁና በሩ መቃን ላይ ካለው ሚስማር ገመዱን ይዤ አንዱን ፈታሁ፣ የቀረው ሁለት ብቻ፣ ደግሜ ቆጠርኩት። ቀኑ እንዴት ነው የሚሮጠው፣ ሐመሩ ወዳጄ ሱራ ገመዱን ሲሰጠኝ ከክንዴ ይረዝም ነበር፣ ቋጠሮው በቋጠሮ ላይ ነበር፣ የሐመር ሰው ሲጠራህ ወረቀት አይልክም፣ የተቋጠረ ገመድ ነው የሚሰጥህ፣ በየቀኑ አንድ ትፈታለህ፣ ቋጠሮው ያለቀ ዕለት ድግሱ ነው። የሱራ የበኩር ልጅ ከብት ሊዘል ነው፣ የተደረደረውን በሬ በጀርባው ላይ ሮጦ ሲሻገር ሰው ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ሚስት አለ፣ ከብት አለ፣ ቃል አለ። ሱራ ዓይኔን አየኝ፣ በዚያ በገበያ አማርኛው፣ እናቴ ካላየ ልጅ አይዘልም፣ አንተ ታመጣለህ። አመጣለሁ አልኩ። ማን አስገደደኝ። ማንም። አምና ያን ጊዜ ካስኬ ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ ደራሽ ውሃው እያጓራ ሲመጣ በዚያ በኩል ከብቱን ትቶ የሮጠልኝ ማን ነበር፣ ወንድሞቹን ጠርቶ መኪናዋን እንደ ጥጃ ጎትተው ያወጡልኝ እነማን ነበሩ፣ ውሃው ቦታው ላይ ሲደርስ የጎማው ፈለግ ገና አልደረቀም ነበር። እና አመጣለሁ አልኩ።

ኢንዳ፣ የሱራ እናት፣ በር ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኢንዳ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፣ እኔ የምጠራቸው እንዲያ ነው፣ ያለፈው ቅዳሜ ገበያ ዕለት ከሆስፒታል ወጡ፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ የላቸው፣ እኔ ቤት ገቡ፣ በጄሶ የተጠቀለለ ነጭ እግራቸውን ደጃፉ ላይ አጋድመው ፀሐይ ያያሉ። ከትናንት ጀምሮ አይበሉም። ሽታዬ ጎድሬ ቀቅላ ብትሰጥ ገፉት፣ ወተት ብታመጣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ምን አስቀየምናቸው ትላለች፣ ምናልባት የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ይሆናል፣ ምናልባት እንደማልደርስ አውቀውታል፣ ያያሉ እኮ፣ አንድም ቀን አማርኛ ባይናገሩም እኔን አገላብጠው ያነቡኛል። አያዩኝ። ልሂድ። ለማ ጋ ልሂድ።

ዘይት የጠጣው የለማ ግቢ፣ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ አንድ እግሩን ያጣ ዶሮ የሚመስል ጂፕ፣ እንካ አለኝ፣ ሰንሰለት፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሞተ መኪና ላይ የወጣ፣ ሞተሩ ያንተው ዓይነት ነው፣ ዋጋው ለአንተ ሲሆን ምንም አይደለም፣ የሲጋራ ነው የምጠይቅህ። በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን ይዤ በጎኑ አጋደምኩት፣ ደህናው ሰንሰለት በጎኑ ሲያዝ ቀጥ ይላል፣ ያረጀው መሃሉ ይረግባል፣ ይኼ ረገበ፣ ብዙ አይደለም፣ ግን ረገበ፣ ለማ፣ ረግቧል እኮ፣ አንተም እኮ ረግበሃል ኤርሴ ትሠራ የለም እንዴ፣ ይስቃል፣ ቱርሚ ደርሶ ለመመለስ ይበቃሃል፣ ይበቃሃል ወይስ ይበቃህ ይሆናል፣ እሱ እንግዲህ የእግዜር ነው። የእግዜር። እግዜር ካቻቢቴ ይዞ ካስኬ ላይ አይጠብቀኝም፣ ይቅር ይበለኝ።

ንጉሤ ሱቅ ደግሞ አዲስ አለ፣ ያብረቀርቃል፣ ከበርበሬውና ከላምባው መሃል አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፣ ካርቶኑ ላይ አንድ ፊደል የለበትም፣ የማን ሥራ ነው ጋሽ ንጉሤ፣ አዲስ ነው ወንድሜ ኤርሳዶ፣ አዲስ ነገር መቼም አዲስ ነው፣ የዚህን አገር ሰው ጥያቄ ገደለው። በጣቴ እየቆጠርኩ አሽከረከርኩት፣ አንድ ቦታ ላይ ደርቋል፣ አይታጠፍም፣ አንዲት ዓይን ብቻ፣ ዘይት ሲነካው ይለቃል አለኝ፣ ቢለቅስ፣ ባይለቅስ፣ ጥርሱ ላይ ሲወጣ ባይታጠፍ መዝለል ማለት ያ አይደል። ዋጋው ከለማው ይብሳል ከእውነተኛው ያንሳል፣ መሃል ላይ ያለ ዋጋ፣ መሃል ላይ ያለ ብረት። ራዲዮህን ብታመጣልኝ በሱ እንለዋወጣለን ይለኛል፣ ዓይኑ ራዲዮኔ ላይ ከሆነ ቆየ፣ አልሸጥም ጋሽ ንጉሤ፣ ሰው ዜና ሳይሰማ እንዴት ያድራል፣ እሱማ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ትሰማዋለህ፣ ሳትፈልገውም ትሰማዋለህ።

ሦስተኛው አርባ ምንጭ ነው ያለው። እውነተኛው። መኮንን የጭነቱ ሹፌር በዓይኑ አይቶታል፣ በካርቶኑ፣ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላምጣልህ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ እወጣለሁ፣ ቅዳሜ ለገበያ እመለሳለሁ። ቅዳሜ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሁለት ቋጠሮ ማለት አርብ ነው፣ ቅዳሜ ልጁ ዘሎ፣ ሰው ተበትኖ፣ በሬው ወደ በረቱ ገብቶ፣ ወይም ሱራ እንዳለው ሳይዘል ቀርቶ፣ ያን ሁሉ ዘመድ አስቀምጦ፣ ያን ሁሉ እህል አስፈጭቶ፣ መንገዱን እያየ። መኮንን ወንድሜ ተወው፣ አልደርስም። አሰብክበት፣ አዎ አሰብኩበት፣ ሌላ ምን እሠራለሁ፣ ከማሰብ በቀር።

ስለዚህ የለማው ነው። ወሰንኩ። ለማ፣ ከምሳ በኋላ ዕቃህን ይዘህ ና፣ ዛሬ ከገባ ነገ በማለዳ እንነሳለን፣ በካኮ፣ በአልዱባ፣ ቀስ እያልኩ፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ወንዙ ዳር ቆሜ ሰማዩን አይቼ፣ ኢንዳን ሰው በቃሬዛ አሻግሮልኝ ባዶዋን መኪና እኔ ብቻዬን፣ እንዲያ ይሻላል፣ ቢበጠስ እኔና ብረቱ ብቻ፣ ግን ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ከየት፣ ሽታዬ ትያዝ፣ ሽታዬ ምን አለች፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለች፣ እህህ፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ እንዴ፣ የቸኮለው ገመዱ አይደል።

ቤት። ሰንሰለቱን በላምባ አጠብኩት፣ ጥቁር ውሃ ወጣው፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ የት ልስቀለው፣ ከመሬት አሸዋ ይይዛል፣ ሚስማሩ ላይ፣ በሩ መቃን ላይ ካለው ሚስማር ላይ፣ ገመዱን አንስቼ ሰንሰለቱን ሰቅዬ ገመዱን በእጄ

አንድ።

አንድ ቋጠሮ ነው ያለው። ሁለት ነበር። ንጋት ላይ ሁለት ትቼ ነው የወጣሁት፣ ደግሜ ስቆጥርም ሁለት ነበር፣ ወይስ ሁለቱን አይቼ ደግሜ ፈታሁ፣ እጄ ሳላዝዘው፣ ጭንቅላቴ ለቀቀ ማለት ነው፣ ሽታዬ፣ ሽታዬ፣ ገመዱን ነካሽ፣ እኔ ያንተን ገመድ ምን ቆርጦኝ፣ ልብህን ፈልግ። ነገ ነው ማለት ነው። ነገ እንዴት ይሆናል፣ ለማ ማታ ቢጨርስ፣ በጨለማ ካኮን፣ አይሆንም፣ እሳቸውን በጨለማ አልጭንም፣ አልችልም፣ ፈራሁ፣ በቃ ፈርቻለሁ።

ኢንዳ ያዩኛል። እጄን አይደለም፣ ገመዱን። ከዚያ እግራቸውን ያያሉ፣ ፀሐይ በደጃፉ ገብታ ከነጩ እግራቸው ላይ አልፋ ሄዳለች፣ አመልካች ጣታቸውን እግራቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ወደ ፀሐይ ያነሱታል፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አምጥተው በአየር ላይ አንዲት ነገር ይፈታሉ። እንዲህ። ቋጠሮ። ፀሐይ እግራቸው ላይ ስትደርስ፣ ተንጠራርተው፣ ሚስማሩ በራሳቸው ላይ አይደል እንዴ ያለው፣ አንድ ቋጠሮ።

እኔስ። ንጋት ላይ። አሜን ብዬ።

አምላኬ።

ሁለታችን። በየቀኑ ሁለታችን። ቤት ከገቡ ጀምሮ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ዛሬ፣ እኔ ጸልዬ አንድ እፈታለሁ፣ እሳቸው ፀሐይን ጠብቀው አንድ ይፈታሉ፣ ገመዱ ረጅም ሳለ ማን ልብ ይላል፣ አንዳችንም አንዳችንን አላየንም፣ አንዳችንም በሌላው ቋንቋ ዛሬ ፈታሁ አላልንም፣ ለዚህ ነው ቀኑ የሮጠው፣ ለዚህ ነው የማይበሉት፣ እሳቸውም እያዩ ነው፣ ከሚፈቱት በላይ ሲያልቅባቸው፣ የልጅ ልጃቸው ቀን በእጃቸው ውስጥ ሲቀልጥ፣ እዚህ ባዕድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው፣ ለማን ይንገሩ፣ እኔ ከነመኪናዬ ከነሰንሰለቴ ላይ ታች ስል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምን ሆኑ አላልኩም፣ ገመዱ ለማን ነው የተሰጠው፣ ለእኔ ነው ብዬ፣ ቀኑ ግን የማን ነበር።

ቁጭ እላለሁ። ምንጣፉ ላይ፣ አጠገባቸው፣ በገበያ ሐመርኛዬ እኔ እላለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ፣ እኔም፣ ሁለቱን እጄን እገጥማለሁ፣ በአየር ላይ እፈታለሁ፣ ንጋት፣ እንቅልፍ፣ እንዲህ ብዬ። ኢንዳ ያዩኛል። ከዚያ አንድ ድምፅ ከጉሮሯቸው ይወጣል፣ ሳል መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፈው እንደ ለማዳ በሬ ይነቀንቁኛል፣ ሽታዬ ከማጀት ወጥታ ቆማለች፣ ምን ሆናችሁ ትላለች።

እሳቸው አንዱን ጫፍ ይይዛሉ፣ እኔ እቋጥራለሁ። የእሁዱን። የሰኞውን። ጣቶቼ ላምባ ይሸታሉ፣ የማክሰኞውን፣ የዛሬውን፣ ከቀረችው ጋር፣ ኢንዳ እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ያልፋሉ፣ የላላውን አጥብቅ ይሉኛል በእጃቸው፣ አጠብቃለሁ። ሰኞ። ሰኞ ነው። ቅዳሜ መኮንን ይመለሳል፣ ለማ ቅዳሜውኑ ያስገባል፣ እሁድ ጸልየን እንነሳለን፣ ጌታ ይቅር ይለኛል፣ ሰንበት ላይ በሬ ጉድጓድ ቢገባ ማን ነው የማያወጣው። መኮንን፣ መኮንን ወጥቶ ይሆን፣ ከምሳ በኋላ ነበር ያለው፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ራዲዮኑ፣ የራዲዮኑ ዜና ገና አልጀመረም፣ እንግዲያው አልወጣም፣ ሽታዬ ራዲዮኑን አምጪልኝ፣ ልትሰማ ነው አይደል፣ አይ ልሸጥ ነው፣ ለጋሽ ንጉሤ፣ ገንዘቡን ለመኮንን፣ ቆማ ታየኛለች፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ታመጣዋለች፣ እኔ ደግሞ ያሳዝነኛል ብዬ ነበር፣ አያሳዝንም፣ ትንሽ ብቻ።

ለማ በበሩ ይገባል፣ ዕቃውን በጆንያ ይዞ፣ የታለች በሽተኛዋ፣ ለማ ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሰንሰለትህ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ታጥቧል፣ ውሰደው፣ ቅዳሜ ና፣ ምን ሆንክ ኤርሴ፣ ምንም፣ ጊዜ አገኘሁ፣ ጊዜ ከየት ይገኛል ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ከየት ይገኛል።

ከኋላዬ ኢንዳ ሽታዬን ይጠራሉ፣ ቅላቸውን ወደ ላይ ይዘው፣ የቡና ገለባውን፣ ሸፈሮውን፣ ከዚያም ጎድሬውን በጣታቸው ያሳያሉ፣ የቀዘቀዘውን፣ እሱን ራሱን። ገመዱን ሚስማሩ ላይ እመልሰዋለሁ፣ አይ፣ እሳቸው ጭን ላይ አኖረዋለሁ። ነገ ንጋት ላይ እጸልያለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ እጄን ግን አልዘረጋም፣ ፀሐይ በደጃፉ ገብታ እግራቸው ላይ እስክትደርስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ይፈቱታል።