እሺ አላለም፣ እምም ነው ያለው

...እሺ አላለም እኮ፣ ምስማር ነው አፉን የሞላው፣ ሶፋ የሚሠራ ሰው ምስማሩን የት ያድርገው፣ አንዱ እጁ ጨርቁን ወጥሯል፣ አንዱ መዶሻ ይዟል፣ ሦስተኛ እጅ አልተሰጠው፣ የሱቁ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ፣ የሶፋ ልብሱን ሁሉ የምትሰፋለት፣ መጥታ በሩን ተደገፈች፣ ወንበሬ እግሩ ተናግቷል፣ ሥራ ስትጨርስ ብቅ በልና እየው፣ ብቻዬን ነኝ አለችው፣ እሱም እምም አለ፣ እምም ማለት ቆይ ማለት ነው፣ እምም ማለት ምስማር ልውጥልሽ ነው ማለት ነው፣ እሷ ግን በቃ እሺ ብለኸኛል፣ እጠብቅሃለሁ ብላ ሄደች።

እሺ አላለም። እንቢም አላለም። ምስማሩን መትፋት ይቻል ነበር።

አሁን ሱቁን ዘግቶ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ ገና ጣሪያዎቹ ላይ ናት፣ መጀመሪያ ቤት ገብቼ ሸሚዝ ልቀይር ይላል ለራሱ፣ ለወንበር ሸሚዝ ይቀየራል እንዴ አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ያሸታል? ዝም በል። ሰፈሩ በሙሉ ምስማር ነው የሚለው፣ እንዴት ዋልክ ምስማር፣ ደህና እደር ምስማር፣ ምስማሬ ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ ከትምህርት ቤት ብዙ ይዞ አልወጣም፣ ረ ሩ ሪ ራ ሬ ግን ያውቃል፣ አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው፣ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ውስጥ ትንጫጫለች።

ሰባኪው ፈተና ፈተና ሲል እሱ የሚታየው ቀንድ ያለው ነገር ነበር፣ ማን ነገረው በብርጭቆ ሻይ ይዞ እንደሚመጣ፣ እስኪ ያችን ቀልድ ድገማት እንደሚል። ትስቃለች ጌታዬ፣ ችግሩ ያ ነው፣ መልኳ አይደለም፣ መልኳም ደህና ነው፣ አየህ አልዋሽህም፣ ግን ቀልዱ ሳያልቅ ነው የምትስቀው፣ ሰው እንዲህ ሲስቅልህ ቁመትህ ይጨምራል።

ቤቱም ድሮ ሳቅ ነበረበት። ሚስቱ አንዴ በእሱ ቀልድ ስቃ ስቃ ያጠበችውን ሳህን ጥላ ሰብራለች፣ ስባሪውን እየለቀመችም ትስቅ ነበር። ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ፣ ሲወጣ ጆሮዋን ይዞ ወጣ፣ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ እሱ ተንበረከከ፣ መልስላት አለ፣ ክረምቱን በሙሉ መልስላት አለ፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ብቻ መለሰለት። አሁን ለአንዲት ቀልድ አፍን በሰፊው መክፈት፣ በእጅ ማሳየት፣ የቱ ሰውዬ ትላለች፣ ሰውዬ አይደለም ዶሮ ናት፣ ማን ሞተ ትላለች፣ ኧረ ተይው ይላል በእጁ፣ እሷም ትተወዋለች፣ ፊቷን ወደ ድስቱ ታዞራለች፣ ያኔ ጀርባዋን ማየት እንዴት ይከብዳል።

መታጠፊያው ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ በቀኝ የሰፊዋ ቤት፣ በግራ የእሱ፣ እግሩ ቆም ይላል። ሸሚዙ። አዎ ሸሚዙ በግራ ነው።

መጣህ! ትጮኻለች ሚስቱ ገና በሩን ሲከፍት፣ ድምፅዋን ስለማትሰማው ልኩን አታውቀውም፣ የቤታቸው ምስጢር ሁሉ የሰፈር ነው፣ አንተዬ፣ ሆድህን ተሻለህ! ተቅማጡ ቆመልህ! ከግድግዳው ማዶ ያለው የቤት ጎረቤቱ፣ እግዚአብሔር ይማርህ ምስማር፣ ይላል፣ እሱም ሳቁ መጣበት፣ ዋጠው፣ አሁን የሳቅ ሰዓት አይደለም።

በእጁ ያሳያታል፣ ወንበር፣ እግሩ እንዲህ እንዲህ፣ መዶሻ፣ ደርሼ ልምጣ። ገባት። የማን ወንበር አትልም፣ ምናለ የማን ወንበር ብትል። በዚህ ሸሚዝ ሰው ቤት! ትላለች፣ ንጹሑን አምጥታ ራሷ ታለብሰዋለች፣ የአንገቱን ቁልፍ ስትቆልፍ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነው፣ እንደ ልጅ፣ አይይ፣ እባክሽ አንቺ ሴት እንዲህ አታድርጊኝ። መዶሻውን ያነሳል።

ሳንጸልይ!

ረስቶት አይደለም። ከቤት ሲወጣ ሁልጊዜ ይጸለያል፣ ጆሮዋ ከሄደ ወዲህ ደግሞ የራሷ ዘዴ አላት፣ ከኋላው ቆማ መዳፏን በትከሻዎቹ መሃል ታሳርፋለች፣ ሲናገር ጀርባው ይነዝራል፣ ንዝረቱ ሲቆም አሜን ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሜን የሚባልበት ጠፍቷት ያለቀሰች ቀን ነው የፈጠረችው። ሰሞኑን ግን ጸሎቱ ደርቆበታል፣ የሚያጉረመርመው ለመዳፏ ነው እንጂ ለላይ አይደለም፣ ዛሬ ማጉረምረሙም አቃተው፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ምን ይበል፣ መንገዴን አቅናልኝ ይበል? የቱን መንገድ? መዳፏ ትጠብቃለች፣ ትሞቃለች፣ ትንሽ ወደ ላይ ወጣች፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በጨለማ ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው።

ምንም የለም እኮ! ትላለች። አፍህ ውስጥ ምስማር አለ እንዴ!

አለ። አለ የኔ እናት።

ይተፋዋል፣ በሙሉ ድምፁ፣ ጌታዬ፣ ወንበር የሚባል ነገር የለም፣ የተናጋሁት እኔ ነኝ፣ ሰፊዋ ጋ ልሄድ ነው፣ ሸሚዙን ያለበሰችኝ ደግሞ ይቺ ናት፣ ሳቅ አማረኝ፣ ሌላ አይደለም፣ ሌላም ነው፣ አንተ ታውቃለህ፣ ደግሞም ተቀይሜሃለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ለምኜህ ዝም አልከኝ፣ ምናለ አንድ ቃል ብትል

ይቆማል። አሜን! ትላለች። እጁን ወደ ኋላ ያወዛውዛል፣ ገና ነው፣ አንድ ነገር መጥቶበት ነው የቆመው፣ እሱስ ሥራ ላይ ሲያናግሩት ዝም አይደል የሚለው፣ ሰው ንቆ ነው? አፉ ሥራ ይዞ ነው እንጂ፣ ይቅር በለኝ አባቴ፣ አንተን ከሶፋ ሠሪ ጋር ማስተያየቴ፣ ግን አንተም ዝም ያልከው ወጥረህ ይዘኸኝ እንደሆነስ፣ ይህችን መዳፍ ማን አስተማራት፣ ጆሮዋን መልስላት ስልህ እዚህ ጀርባዬ ላይ አስቀምጠህላት ኖሯል፣ እኔ ነኝ ዝም ብዬ የደፈንኩት፣ ሰፊዋንም አስባት፣ የእሷም ቤት ጭር ያለ ነው፣ የራሷ የሆነ የሚያስቃት ሰው ስጣት፣ እኔን ግን እዚሁ ምታኝ፣ ምስማር አይደለሁ፣ አጥብቀህ ምታኝ፣ እንዳልነቀል።

አሜን! ትላለች።

አሜን ምስማር፣ ይላል ጎረቤቱ ከማዶ፣ ቀስ ብሎ።

ሰማ። ሁሉንም ሰማ። ይስማ፣ ነገ ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ ለሰፊዋም ይነግራታል፣ አልመጣም፣ ወንበርሽን ሱቅ አምጪው ይላታል፣ በደህና ቃል፣ ሳያስቃት።

ረዘመ ዛሬ! ምን አልከው!

ዞሮ ፊት ለፊቷ ይቆማል፣ ከንፈሩን እንድታይ ቀስ አድርጎ፣ ቤት እቀራለሁ አልኩት። ወንበሩስ! ወንበሩ ይውደቅ። ማን ወደቀ! ትላለች ደንግጣ፣ እና ሳቁ ያመልጠዋል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እሷም በምን እንደሆነ ሳታውቅ ፊቱን አይታ ትስቃለች፣ ጮክ ብላ፣ ያ የሳህኑ ሳቅ፣ ማነው ግን የወደቀው! መዳፏን ይዞ በንጹሑ ሸሚዝ ላይ ደረቱ ጋ ያሳርፋታል፣ ማንም አልወደቀም ይላታል፣ ማንም። ቤት ነኝ በለኛ! ትለዋለች፣ እምም ይላል፣ ይሄኛው እሺ ማለት ነው።