ግዝት የተነሳለት ሳር

ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው መስካችን በየክረምቱ ይከለከል ነበር። ሐምሌ ሲገባ ቄስ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው ዳሩ ላይ ይቆሙና ይገዝታሉ። የመስቀል በዓል አልፎ እሳቸው እስኪፈቱት ድረስ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም። እስከዚያ ሳሩ አድጎ ዘሩን ያራግፋል፤ ድርቆሹም በሬዎቻችንን በጋውን ያሻግራል።

ይህን ያስቀረው የእህቴ ልጅ ባምላክ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው እኔ ቤት እየበላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩና ሲሻሙ ምን እንደሚያደርጉ በኮምፒውተር ማስላት ተማረ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ፊት ኮምፒውተሩን ከፈተ።

"እናንተን የሚመስሉ ገበሬዎች እዚህ ውስጥ አስገብቻለሁ" አለ። "እያንዳንዱ ጎረቤቱ አምና ያደረገውን አይቶ ለራሱ የሚበጀውን ይመርጣል። ሲደጋገም ይማማራሉ። በመጨረሻ ማንም ብቻውን ሐሳቡን ቢቀይር የማይጠቀምበት ቦታ ላይ ይረጋሉ። ሚዛን ይባላል። ታዲያ ለምን በእርግማን እንኖራለን?"

ሰዉ ደስ አለው፤ ግዝቱን ይፈራው ነበራ! ልጇ የሞተባት ግዝት አፍርሳ ነው እየተባለች ስትታማ የኖረችው ሸጌማ እልልታዋን አቀለጠችው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ብቻ፣ "ይረጋሉ አልክ ልጄ፤ የት ላይ ነው የሚረጉት?" ብለው ጠየቁ። "ሚዛኑ ላይ ነዋ አባ" አላቸው። እሳቸውም ሰው ካልፈለገ ብለው ግዝቱን አነሱት።

የመጀመሪያው ክረምት በደህና አለፈ። በሁለተኛው አረጋ ጳጉሜን ላይ ከዳር አንድ ሸክም አጨደ። አረጋ መቀናጆዬ ነበር፤ እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፣ አጣምረን ተራ በተራ የምናርስ። የተቆጣው አልነበረም፤ ያየው ሁሉ ግን ተማረ። በዓመቱ ነሐሴ ላይ ታጨደ፤ በሚቀጥለው በሐምሌ፣ ሳሩ ገና ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ዘንድ ድርቆሽ የከመረው የቸኮለው ነው።

እኔ መስቀልን ጠበቅሁ። ስፈራው ያደግሁትን ሳር እጄ አልነካ አለኝ።

"ይማርሽ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለኝ አረጋ። "ውጪና እጨጂ እንጂ! አንቺ ብትተዪው ሌላው ይተወዋል?"

እውነቱን ነበር። መስቀል ውሎ ማጭዴን ይዤ ስወርድ የጠበቀኝ ራቁቱን የቀረ መሬት ነው።

ዳልቻ፣ በሬዬ፣ የተረፈውን ጭድ እየቆረጠመ እስከ ሚያዝያ ቆየ። አንድ ጠዋት ከተኛበት አልነሳም አለ። አረጋ በጅራቱ፣ እኔ በቀንዱ ይዘን አቆምነው፤ ተመልሶ ወደቀ። አረጋ አብሮኝ አለቀሰ። በሳምንቱ በሬ ካለው ጎረቤታችን ከሞላ ጋር ተቀናጀ። ምን ያድርግ? በሬ ከሌላት ሴት ጋር ማን ይቀናጃል? መሬቴ ጦሙን አደረ።

ሽማግሌዎቹ ግዝቱ ይመለስ ብለው ቄሱን ለመኑ። "ግዝት የሚይዘው የሚፈራውን ነው" አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። "አሁን ብገዝት ሳሩ አይድንም፤ እናንተ ግን ማጨዳችሁን ሳትተዉ ከነግዝታችሁ ትሞታላችሁ።" እምቢ እንዳሉ ቀሩ።

ባምላክ ግንቦት ላይ ሊጠይቀኝ መጣ። ባዶው በረት አጠገብ አስቀምጬ ጠላ ሰጠሁት። ስለ ዳልቻ አዘነ፣ ከዚያ ግን አላስቻለውም፤ "ስሌቱ ልክ ነበር አክስቴ። ሁሉም በሐምሌ ማጨድ ላይ ረግተዋል፤ ብቻውን የሚጠብቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም" አለኝ።

"ኮምፒውተርህ ውስጥ እንደኔ የሚጠብቅ ገበሬ አልነበረም?"

ጠላውን አስቀመጠው።

"ነበሩ።"

"ምን ሆኑ?"

"ከብታቸው ያልቅና ከስሌቱ ይወጣሉ። የቀሩት የሚረጉት ከዚያ በኋላ ነው።"

"ይህን ያየኸው ጉባኤው ፊት ከመቆምህ በፊት ነው?"

"አዎ። ጥቂት ስለሆኑ አላነሳሁትም።"

ያበላሁት እንጀራ፣ ያጠብኩለት ዩኒፎርም፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

"እኔ ጥቂት አይደለሁም ባምላክ" አልኩት። "አክስትህ ነኝ።"