የማዶው ጭስ

በከተማው ጤና ቢሮ በጀት ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሟርት» ነው የሚሏት። በቀልድ ነው ይላሉ። እሷም ትስቃለች፤ ካልሳቁ ምን ይደረጋል። ጥፋቷ አንድ ነው፦ ሰው ሁሉ ገቢ ሲደምር እሷ «ባይመጣስ?» ብላ ትጠይቃለች።

ዛሬ ኃላፊዋ ገብቶ በሩን ዘጋና ሳይቀመጥ ነገራት። «የጭሱ ገቢ ወርዷል። የሚደርሰን የአምናውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።»

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የፈራችው ደረሰ።

የጭሱ ገቢ የሚባለው እንዲህ ነው። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ፋብሪካዎች ጭስ ለመልቀቅ ፈቃድ በጨረታ ይገዛሉ፤ አየሩ የጋራ ነው ተብሎ ሁለቱ አገሮች ሽያጩን ይካፈላሉ። ማዶ ሲጨስ እዚህ ይበላል። ዘንድሮ ግን ከፋብሪካዎቹ ገሚሱ ማሽኑን ጭስ በማያወጣ ቀየረ፣ ገሚሱ ከስሮ ተዘጋ። ፈቃድ ፈላጊ ሲጠፋ ዋጋው ወደቀ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይህ ነው።

የከተማው ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል የተከፈተው በዚህ ገንዘብ ነበር። ነርሶቹ የተቀጠሩት፣ የደም ማጣሪያው የሚገዛው ከዚያው ነው። አባቷም በየሁለት ቀኑ እዚያው ክንዱን ዘርግቶ ይጋደማል።

«መጠባበቂያ እናስቀምጥ ብዬ ነበር» አለች።

«ብለሻል። ግን የት ታስቀምጪዋለሽ? ዓመቱ ሲዘጋ ያልተነካ ብር ተመላሽ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ‹አምና መቼ ጨረሳችሁት› ብለው ይቀንሱብናል።»

እውነቱን ነው። እዚህ ቤት የቆጠበ ይቀጣል፣ የጨረሰ ይመሰገናል። ስለዚህ በደጉ ዓመት የመጣውን ሁሉ ጥርግ አድርገው ቋሚ ሠራተኛ ቀጠሩበት። የአንድ ዓመት ሲሳይ የዕድሜ ልክ ደመወዝ ሆነ። ያኔ ሁሉም አጨብጭቧል።

«የሚቀነሰውን ለይተሽ ነገ ጠዋት አምጪልኝ» አላት። «ደመወዝ እንዳትነኪ፤ ቋሚ ሠራተኛ በሕግ አይነካም።»

ደመወዝ ካልተነካ የሚቀረው ማጣሪያው ነው። ነርሶቹ ነጭ ለብሰው ይቀመጣሉ፣ የሚያጥቡበት ግን አይኖርም። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ እኮ እዚያ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እህቴ።» ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ለሌላ ሰው ያልሰጠሁት ለዚህ ነው። ምናልባት አንቺ መላ አታጪም ብዬ።»

መላ አላገኘችም። ከሌላው ክፍል ለመቀነስ ሞከረች፤ ሌላውም ያው ደመወዝ ነው። አንዱን ስትሸፍን ሌላው ይገለጥባታል። ከሰዓት በኋላ አባቷን ከሆስፒታሉ ልትወስድ ስትሄድ ታክሲው ውስጥ ከንፈሯን እየነከሰች ነበር። መንገደኛው ሁሉ ደኅና ሆኖ መሄዱ አበሸቃት።

የአባቷ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የማዶውን የጭስ ማውጫዎች ሲሆን፣ ማሽኑ ደሙን እያጠበ ሲመልስለት እነሱን መቁጠር ልማዱ ነው።

«ነይ እስቲ እዪ፣ እናቴ» አላት ገና በሩ ላይ እንዳያት። «ዛሬ አንዱም አላጨሰም። ከኋላ ተራራ መኖሩን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ አየሁ። እናንተስ ጥሩ አየር ልትተነፍሱ ነው።»

«ጥሩ ነው፣ አባዬ።»

ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሷ ግን ዓይኗ የጭስ ማውጫዎቹ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ አንዱ እንኳ ትንሽ ቢጨስ ብላ በልቧ ለመነች። ወዲያው አፈረች፣ ደግሞም ለመነች።

ሲስተሯ መርፌውን ነቅላ ፋሻውን ጠበቅ አደረገችለት። «በሉ አባባ፣ ሐሙስ እንገናኝ።»

«ታመጪኛለሽ አይደል?» ሲል ወደ ልጁ ዞረ። ሁልጊዜ ይጠይቃታል፤ መልሱን ስለሚወደው ነው።

«አመጣሃለሁ» አለችው። «ባይመጣስ» ማለት የለመደ አፏ እንዲህ አስረግጦ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። አባቷም አመናት።